ስምንተኛው ቅጠል

በኮምቦልቻ ሰው ከአልጋው ሲነሣ መጀመሪያ የሚያየው የልጁን ፊት ሳይሆን የበሩን ቁጥር ነው። በ2091 ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት በገባ በሁለተኛው ማክሰኞ፣ ዘሀራ ይማም እንደ ወትሮዋ ከበሩ ጎን የተንጠለጠለውን ቱቦ አፏ ላይ አድርጋ ሆዷ ከጀርባዋ እስኪጣበቅ ነፋች። በሩ ላይ 71 የሚል አረንጓዴ ቁጥር በራ። ስልሳና ከዚያ በላይ የነፋ ይወጣል። ከስልሳ በታች የነፋ ቤቱ ይውላል። ከአርባ በታች የነፋ እንደሆነ መኪና ይመጣለታል። መኪናው የት እንደሚያደርስ ለሕዝብ አልተነገረም፤ የጠየቀም አልነበረም።

«ነጃት፣ ነይ ንፊ።»

ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዓይኗን ጨፍና፣ ትከሻዋን ሰብቃ ነፋች። 66። ከአራት ወር በፊት በዚሁ በር ላይ 41 ስትነፋ እናቷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ቀርታ ነበር።

«እማ፣ ከትናንት በሁለት በለጥኩ!»

«ማሻአላህ። በይ ጭንብልሽን አጥብቂ፤ መንገድ ላይ እንዳታወልቂ ደግሞ።»

ሌላ ከተማ ጨርቅ ይሠራል፣ ሌላ ከተማ ብረት ያቀልጣል፤ ኮምቦልቻ ይቀምሳል። ደረቱ ሲር ሲር የማይል ሕፃን መወለድ ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ የእስትንፋስ ማዕከል የሚባለው መሥሪያ ቤት ከየገደሉ የተለቀመ ቅጠል እየጨመቀ፣ ለአስምና ለአለርጂ ይሆን እንደሆነ በሰው ደረት ላይ ይሞክራል። ደረቱን ያዋሰ ሰው ቀማሽ ይባላል። ለቀማሽ ቤት ጣሪያው ላይ ማጣሪያ ይተከልለታል፤ በዚያ ቤት ውስጥ ጭንብል አውልቆ መተኛት ይቻላል። ቀማሽ ከስልሳ በታች ቢነፋም ወደ ማዕከሉ እንዲመላለስ በሩ ይከፈትለታል። ከቅምሻ የወጣ ሰው ማጣሪያው በዚያው ቀን ይነቀላል። የማይፈልግ ሰው አይገደድም፤ ማዕከሉ በዚህ በጣም ይኮራል።

እናትና ልጅ የሰባተኛው ቅጠል ቀማሾች ናቸው። አርባ ሰው በአንድ አዳራሽ በረድፍ ይቀመጣል። ከየወንበሩ ጀርባ የወጣ ቱቦ ከአፍንጫቸው ሥር እንፋሎት ይለቃል። ለአንድ ሰዓት መነጋገር ክልክል ነው፤ ማሳልም ይመዘገባል። እንፋሎቱ የእርጥብ ማገዶ ሽታ ነበረው። ምን ይደንቃል፤ ሰባተኛው ቅጠል ክትክታ ነው። ክትክታን የማያውቅ የወሎ ሰው የለም፤ ያጥሩበታል፣ ያነዱታል፤ ደረት ያድናል ሲባል ግን ማንም ሰምቶ አያውቅም።

ሰባቱንም ቅጠሎች ለማዕከሉ ያስረከቡት የዘሀራ አባት አያ ይማም ነበሩ። በሕይወት ሳሉ ከሐርቡም ከባቲም ትንፋሽ ያጠረውን ሰው በቃሬዛ ያመጡላቸዋል፤ በእግሩ ይመለሳል። ቅጠል የሚያውቅ ሁሉ ያስረክብ የሚል ሕግ ሲወጣ ማዕከሉ ራሱ ደጃቸው ድረስ መጣ። ባለመድኃኒት ግን ባለመድኃኒት ነው። መድኃኒቱን ለሚወደው ሰው እንኳ ሲሰጥ ብቻውን አይሰጥም፤ ዓይን የጣለ ሌባ እንዳይለየው ሌላ ቅጠል ይቀላቅልበታል። ያንን ሌላ ቅጠል መጋረጃ ይሉታል። አያ ይማም ለማዕከሉ ሰባት ቅጠል ቆጥረው ሰጡ፣ ፈረሙ፣ ተጨበጨበላቸው። ሰባቱም መጋረጃ ነበሩ። መድኃኒቱ ስምንተኛው ነው።

ስምንተኛውን ለዘሀራ ያሳዩዋት ከመሞታቸው በፊት ባለው ዓርብ ነው። ከሐርቡ በላይ ካለው ገደል አፋፍ ላይ እጇን ይዘው ወስደው፣ ከድንጋይ ሥር የምትጋደም ጠጉራም ቅጠል አሳዩዋት። ሌላ ቦታ አትበቅልም። ጓሯቸው ውስጥ ሦስት ጊዜ ተክለዋት ሦስቴም ደርቃለች። የምትለቀመው ረቡዕና ዓርብ፣ ከሰው ጋር ቃል ሳይለዋወጡ ነው።

«ያቺን ለማንም አታሳዪ» አሏት ቤት ሲመለሱ። «ታሞ ደጅሽ የመጣን ደግሞ አትመልሺ። እነዚህን ሁለቱን ከጠበቅሽ እሷም ትጠብቅሻለች።»

ዘሀራ ምላላቸው ሁለቱንም ጠበቀች። ጥፋቷም ይኸው ነው።

ነጃት 41 በነፋች ማግስት ቅጠሏን አድርቃ፣ ወቅጣ፣ በሶ ውስጥ አድርጋ፣ አድቦልቡላ በጠብላላ አጎረሰቻት። ልጅቷ በሳምንቷ ደረጃ መውጣት ጀመረች። እዚያ ላይ ቢበቃ ምን ነበረበት? አልበቃም። ከበሯ ትይዩ የሚኖሩት እትዬ ስንዱ፣ እሳቸውም የሰባተኛው ቀማሽ፣ አንድ ቀን ከአዳራሹ ሲወጡ ግድግዳ ተደግፈው ከንፈራቸው ጠቆረ። ሰዎች ዘወር እያሉ አለፉ፤ ሰው ሲታፈን ማየት ቁጥር ያወርዳል የሚል ወሬ ነበር። ዘሀራ ለነጃት የያዘችውን በሶ በእጃቸው አስጨበጠቻቸው።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ስንዱ በሯን አንኳኩ። «ዘሀራ፣ ያች በሶሽ ምን አለባት?»

«በሶ ናት።»

«እንግዲያው ነገም በሶ አምጪልኝ፣ እታለም።»

ከዚያ በኋላ ወሬው በራሱ እግር ሄደ። መጀመሪያ አምስት ሰው፣ ቀጥሎ አሥራ አምስት፣ ከዚያ አርባው ሁሉ። ከአዳራሹ ሲወጡ ጭንብላቸውን ገለጥ አድርገው በሶዋን ጎረስ ያደርጋሉ። ምን እንዳለባት የጠየቀ የለም። ምን እንዳለባት ያላወቀም የለም።

እንግዲህ በዚያ ማክሰኞ ዶክተር ኢዮሲያስ አዳራሹ ውስጥ ብቅ አለ። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ፈገግታው ካፉ አይጠፋም፤ ሰውን በስሙ ይጠራል። የሰባተኛውን ሥራ የሚመራው እሱ ነው።

«እንኳን ደስ አላችሁ» አለ። «አርባችሁም፣ አንድ ሳይቀር፣ ከሃያ ነጥብ በላይ ጨምራችኋል። በማዕከሉ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። የአያ ይማም ሰባተኛ ቅጠል አሸንፏል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የሌሎቹ ስድስት ቅጠሎች ቀማሾች፣ ሁለት መቶ አርባ ሰው፣ ከነገ ጀምሮ ነፃ መሆናቸው ተነገረ። ነፃ ማለት ማጣሪያቸው ይነቀላል ማለት ነው። ዘሀራ ለማጨብጨብ ያነሣችው እጅ አየር ላይ ቀረ። ለአርባ ሰው ያጎረሰችው በሶ ሁለት መቶ አርባ ሰው በየቤቱ አፈነች፤ በልቧ እንዲህ ብላ ቆጠረችው።

«የፊታችን ዓርብ» ቀጠለ ዶክተሩ፣ «ከሐርቡ በላይ ያለው ገደል መመንጠር ይጀምራል። አፋፉ እንዳለ ክትክታ ይተከልበታል። አምስት ዓመት ሳይሞላ አገሩን ሁሉ እናዳርሳለን።»

ነጃት ከሁሉ አብልጣ ታጨበጭብ ነበር። የአያቷ ስም ተጠርቷላ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ዘሀራ ከእትዬ ስንዱ ጎን ጎን እየሄደች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ ስንዱ፣ ያች ቅጠል ከዚያ ገደል በቀር የትም የለችም። ከመነጠሩት ነጃት አለቀላት። እርስዎም።»

«የምን ቅጠል?»

«እርስዎ ያውቃሉ።»

እትዬ ስንዱ ቆሙ። ከጭንብላቸው በላይ ዓይናቸው ብቻ ይታያል፤ እሱም ደግ አልነበረም። «ስሚ ልንገርሽ፣ ልጄ። ማጣሪያ ጣሪያዬ ላይ ከተተከለ ወዲህ ነው ጎኔ አልጋ የነካው። ከማዕከሉ ውጪ የቀመሰ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። አፍሽን ያዢ። አንቺ አፍሽን ካልያዝሽ እኔ የራሴን እይዛለሁ።»

ዘሀራ አልያዘችም። ያን ሌሊት አላስተኛት ያለው መሐላዋ ነበር፤ ነገር ግን የነጃትን ደረት ስታዳምጥ አደረችና መሐላው ተሸነፈ። ረቡዕ ጠዋት ቅጠሏን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ዶክተር ኢዮሲያስ ቢሮ ገባች። ቋጠሮውን ፈታች። አባቷ ለማንም አታሳዪ ያሏትን ከመብራት ሥር ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

«ይቺ ናት። ክትክታው አይደለም፤ አባቴ መጋረጃ ነው የሰጣችሁ። ሰዉን ያዳነችው ይቺ ናት፤ በበሶ አድርጌ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። እሥሩኝ፣ ግዴለም። ገደሉን ብቻ አትንኩት።»

ዶክተሩ ቅጠሏን አልነካትም። ያልተመዘገበ ቅጠል በእጅ መንካት ክልክል ነው። ፈገግ እንዳለ ወንበር ሳበላት።

«ይቀመጡ፣ ወይዘሮ ዘሀራ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ከሥሩ እንጠይቃለን።»

ጠየቁም። የሰባተኛው ቀማሾች ሐሙስ ቀን ተራ በተራ እየተጠሩ ገቡ። ዘሀራ ጥግ ላይ ተቀምጣ እንድታዳምጥ ተፈቀደላት። ጥያቄው አንድ ነው፤ ከማዕከሉ ውጪ የተሰጠዎትን ነገር ቀምሰዋል? አዎ ያለ ከቅምሻ እንደሚወጣ ወረቀቱ ላይ በጉልህ ተጽፏል። ሠላሳ ስምንት ሰው ገባ። ሠላሳ ስምንቱም አልቀመስኩም አለ። አንዳንዱ ቀኝ እጁን አንሥቶ፣ አንዳንዱ በልጆቹ ምሎ። ከእጇ የጎረሰው ሁሉ ዓይኗን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን፣ ጫማ ጫማውን ያይ ነበር።

እትዬ ስንዱ ብቻ ምክንያት ጨመሩ። «በሶ? በሶ እኮ ሆዴን ይነፋኛል። ከልጅነቴም በልቼ አላውቅ።»

በመጨረሻ ነጃት ተጠራች። እግሯ ከወንበሩ ላይ መሬት አይደርስም። «አዎ» አለች፣ ከሁሉም ይልቅ ኮራ ብላ። «እማዬ ለሁላችንም በሶ ትሰጠናለች። ለእትዬ ስንዱ ትልቁን ነው የምትሰጣቸው።»

ጸሐፊው መጻፉን አቁሞ ዶክተሩን አየ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ቃል ለማስረጃ አይበቃም። እናቷን ከነልጇ ከቅምሻ ለማስወጣት ግን በቃ።

ሁሉም ከሄደ በኋላ ዘሀራ ዶክተሩን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «እርስዎስ? እውነት ያምኑኛል?»

«ማመን አለማመን የእኔ ሥራ አይደለም። ሰባተኛው ለዘጠኝ አገር ታውጇል።»

«እውነት ቢሆንስ?»

«እውነት ከሆነማ አርፍደዋል።» ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታው ጠፋ። «እዚህ ሕንፃ ውስጥ አራት ወር ተመላልሰዋል፣ ወይዘሮ ዘሀራ። አባትዎ ዋሹን። እርስዎ ደግሞ ዝም አሉን። አሁን የልጅዎ ጉሮሮ ሲመጣ ነው እውነት ትዝ ያለዎት? ስድስቱን ቅጠሎች የቀመሱ ሰዎችም ልጆች አሏቸው።»

ይህቺ ነገር ዘሀራን ከሁሉ በላይ አቆሰለቻት፤ ሐሰት የለባትምና። ዶክተሩ ቅጠሏን በእስክሪብቶው ጫፍ ገፋ አድርጎ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣላት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ግን ንጋትም መጥራት ካቆመ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል።

ማጣሪያውን ሁለት ሰዎች በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መጥተው ነቀሉ። ጣሪያው ላይ ሲንኳኳ የጎረቤቱ መጋረጃዎች ሁሉ ተነቃነቁ፤ በር የከፈተ የለም። ነጃት እንደማትተኛ አስመስላ ጭንብሏን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ እናቷ ራሷ አጠለቀችላትና አስተኛቻት።

ዓርብ ወፍ ሳይንጫጫ ዘሀራ ገደሉ ላይ ነበረች። ማሽኖቹ ቀድመዋታል። ቢጫ መብራታቸውን አብርተው ከወዲያኛው ጫፍ አፋፉን እየላጩ ይመጣሉ፤ ድንጋዩ፣ ቁጥቋጦው፣ አፈሩ አንድ ላይ ወደ ታች ይንከባለላል። እሷ ከፊታቸው በጉልበቷ እየዳኸች ለቀመች። የፊተኛው ማሽን ሾፌር ራሱን በመስኮት አወጣ።

«ሴትዮ! ዞር በይ! አትሰሚም እንዴ? ልትሞቺ ነው?»

አልመለሰችለትም። ቃል ሳይለዋወጡ ነው የምትለቀመው። ከትናንት ወዲያ በሰው ፊት ያሳየቻትን ቅጠል ዛሬ በዝምታ መልቀም ምን እንደሚጠቅም አታውቅም፤ ሾፌሩ ወርዶ በክንዷ ጎትቶ እስኪያወጣት ድረስ ግን አፏን አልከፈተችም። ከዚያ በኋላም ያወጣችው ድምፅ ቃል አልነበረም።

የለቀመችው ደርቆ ሲወቀጥ አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ሞላ። ለአንዲት ልጅ በቀን አንድ ቁንጥር። ራሷን ከዚያው ቀን ጀምሮ ከለከለች። ቆርቆሮውን የእህል ጆንያ ሥር ቀበረችው፤ ከጎኑም ሌላ ተመሳሳይ ቆርቆሮ አኖረች። ሌላኛው ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ከአጥር የተለቀመ ክትክታ ነው። ለምን እንዳዘጋጀችው ያን ጊዜ ብትጠየቅ አላውቅም ትል ነበር። እጇ ግን የባለመድኃኒት ልጅ እጅ ነው፤ ያውቅ ነበር።

ኅዳር ገባ። በሶው በቀረ በሦስተኛው ሳምንት የሰባተኛው ቀማሾች የሚነፉት ቁጥር መውረድ ጀመረ። ማዕከሉ የወቅት ጉዳይ ነው አለ። ቀጥሎ እንፋሎቱ ከአንድ ሰዓት ወደ ሁለት ከፍ አለ። በታኅሣሥ ከዚያው ሰፈር መኪናው ሦስት ሰው ወሰደ። ሦስቱም የሰባተኛው ነበሩ፤ ሦስቱም በሐሙሱ ቀን እጃቸውን ያነሡ። ዘሀራ ከመስኮት አየቻቸው። እንዲያዝንላቸው ልቧን ጠየቀችው፣ ልቧ እምቢ አለ።

ነጃት 57 ትነፋለች። ትምህርት ቤት አትሄድም፣ ጭንብል አድርጋ ትተኛለች፣ ግን ትስቃለች። ዘሀራ 48።

በታኅሣሥ መጨረሻ አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በሩ ተንኳኳ። ሲንኳኳ እንኳ ጉልበት አልነበረውም። እትዬ ስንዱ ደፍ ላይ ተቀምጠው፣ ጭንብላቸውን ጨብጠው፣ ትከሻቸው እስከ ጆሯቸው ወጥቶ ይወርዳል።

«ዘሀራ...»

«ምን ፈለጉ?»

«ዛሬ... 42 ነፋሁ። ነገ... መኪናው...» የቀረውን ትንፋሻቸው ቆረጠው። እጃቸውን ዘረጉ፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ። በአዳራሹ በር ላይ ሲቀበሏት እንዲሁ ነበር የሚዘረጉት።

ዘሀራ ጠላቻቸው። አሁን፣ እንዲህ ሆነው፣ ይበልጥ ጠላቻቸው። «በሶ ሆድዎን ይነፋዎት የለም እንዴ፣ እትዬ ስንዱ?»

አሮጊቷ አለቀሱ። ትንፋሽ ለሌለው ሰው ማልቀስ ከባድ ሥራ ነው። «ማጣሪያዬን... ፈርቼ ነው... እታለም። ሰው ነኝ። አባትሽ... አያ ይማም... ደጃቸው የመጣን... መልሰው አያውቁም።»

ይህን ባይሉ ይሻል ነበር። ዘሀራ ወደ ጓዳ ገባች። ነጃት ጥግ ላይ ጭንብሏን አድርጋ ፊደል ትጽፋለች፤ ቀና ብላ «ማነው?» አለች። «እትዬ ስንዱ ናቸው፣ ጻፊ አንቺ» አለቻት። የእህሉን ጆንያ አነሣች። ሁለቱ ቆርቆሮዎች ጎን ለጎን ናቸው። አንደኛውን ከፈተች። ከግማሽ ወርዷል። ለነጃት የቀረው ጠብቆ ቢቆነጠር እስከ የካቲት ነው፤ ከየካቲት በኋላ ያለውን አስባው አታውቅም፣ አታስበውም። ለእትዬ ስንዱ የሚሰጠው እያንዳንዱ ቁንጥር ከነጃት አንድ ቀን ይቀንሳል። ነገ ይመጣሉ። ከነገ ወዲያም። የቀሩትም ሰምተው ይመጣሉ፤ ደፉ ላይ ይሰለፋሉ።

ቆርቆሮውን ከደነችው። ሌላውን ከፈተች።

በሶውን ለወሰች፣ ከክትክታው ጠቀም አድርጋ ጨመረች፣ ጠበለለችው። ትልቁን ጠብላላ። እጇ እንደ ልማዱ ሠራ፤ ያ ነው በኋላ ያስፈራት። ወጥታ በተዘረጋው መዳፍ ላይ አኖረችው።

እትዬ ስንዱ እዚያው ደፉ ላይ ጎረሱ፣ ሳያኝኩ ዋጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትከሻቸው ትንሽ ወረደ፤ አምነውታልና።

«ቀለል አለኝ» አሉ። «ወይኔ... ወዲያው ቀለል አለኝ። ነገም ልምጣ?»

«ይምጡ።»

ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። የዘሀራን እጅ ፈልገው ያዙና ግንባራቸው ላይ አስነኩት። ለመናገር ሁለት ጊዜ አየር ሳቡ።

«ያዳንሽኝን ያህል... ልጅሽን ያድንልሽ።»

ከጓዳ የነጃት ሳል ተሰማ፤ አንድ ጊዜ፣ ቀላል ሳል።

«አሚን» አለች ዘሀራ፣ በሩንም ዘጋች።